አባቴ በ72 ዓመቱ ላግባ አለ፣ እኔ ደግሞ አምስት ሳምንት ዘጋሁት

የከዚራ ልጅ • ሰኞ ማታ 4:15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ሁለት ዓመት አንብቤያለሁ፣ ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ ለማን እንደምናገር ጠፋኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው በማግስቱ ሳቢያን ሰፈር ሙሉ ያወራዋል። ድሬዳዋ ትንሽ ናት፣ ታውቋታላችሁ።

እናቴ ያረፈችው ሐምሌ 2014 ነው። ስኳር ነበረባት። መጀመሪያ ጣቷ ተቆረጠ፣ ቀጥሎ እግሯ፣ ከዚያ ስምንት ወር አልጋ ላይ ቆየች። አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፣ ዘንድሮ 72 ሞላው። ሦስት ልጆች ነን፣ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። እሱ ብቻውን ነው የሚኖረው። ከእኔ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

ዘንድሮ ወንድሞቼ ለእናታችን ሦስተኛ ዓመትም ለቁልቢም ብለው መጥተው ነበር። ቅዳሜ ሐምሌ 19 ቁልቢ ዋልን። እሁድ ጠዋት አባቴ ሦስታችንንም ጠራን። ስንደርስ ቡና አፍልቶ ጠበቀን። በዕድሜዬ አባቴ ጀበና ሲነካ አይቼ አላውቅም። እጣኑንም አጭሷል። ቡናው ቀጥኖ ነበር፣ ማንም ምንም አላለም። ሁለተኛውን እንደቀዳ "ልጆቼ፣ ላገባ አስቤያለሁ። ከእናንተ ደብቄ የማደርገው ነገር አይደለም" አለን።

ማንን እንደሆነ ሳይናገር ገባኝ። ጎረቤታችንን ነው። እኛ እትዬ ነው የምንላት። ባሏን የ1998ቱ ጎርፍ ነው የወሰደባት፣ ቤታቸው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። ከዚያ ሁለት ልጆች ይዛ ከግቢያችን ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። የመጀመሪያውን ምጣድና ሁለት ብርድ ልብስ የሰጠቻት እናቴ ናት። ጠዋት ጠዋት ሳምቡሳና ባጊያ እየጠበሰች በራፏ ላይ ትሸጣለች፣ ልጆቿንም በዚያ ነው ያሳደገቻቸው። እናቴ ስትታመም ደግሞ፣ እኔ ሥራ ስውል ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት፣ ቁስሏን ያጸዳችላት እሷ ናት።

እና እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? "እናቴን ስታጥብ ነው ያጨሃት?" አልኩት። በወንድሞቼ ፊት። አባቴ አልመለሰልኝም። ስኒዎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ወደ ጓዳ ገባ፣ ውሃ ሲያፈስባቸው ይሰማኝ ነበር። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ይኸው አምስት ሳምንት ሆነ። አልሄድኩም፣ ስልኩንም አላነሳሁም።

ወንድሞቼ "ያግባ፣ ምን አለበት" ይላሉ። አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዱ ጅቡቲ። የእናቴን ቁም ሳጥን ከፍታ ሌላ ሴት ልብሷን ስትሰቅል የማየው እኔ ነኝ። እውነት ንገሩኝ፣ ተሳስቻለሁ?

ደቻቱ ዳር • ሰኞ ማታ 4:40

እህቴ በመጀመሪያ እናትሽን ነፍስ ይማር።

ስለ አባትሽ ሌላው ይንገርሽ። እኔ ስለ እትዬ አንድ ነገር ልበል። ያን ሌሊት እኔም እዚያ ነበርኩ፣ የ14 ዓመት ልጅ ነኝ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ። ደቻቱን እኮ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ነው የምናውቀው፣ ኳስ የምንጫወትበት፣ ገበያ የሚቆምበት። ውሃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነው፣ ሰው በተኛበት። ከ200 ሰው በላይ ነው የሞተው። እኛን አባቴ ጣሪያ ላይ ሰቀለን። ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ጠዋት ቤታቸውም እነሱም የሉም። አስከሬን ሳያገኝ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነው። ለቅሶው የማያልቅ ዓይነት ነው እሱ። የምትቀብሪው ነገር የለማ።

እንዲያ ሆና 19 ዓመት ሳምቡሳ ጠብሳ ልጆች ያሳደገች ሴት "አባትሽን ልንጠቅ" ብላ አስባ ነው ብዬ ማመን ከበደኝ። ይኸው ነው።

ቀፊራ 07 • ሰኞ ማታ 5:02

እኔ በቀጥታ እናገራለሁ፣ ይቅርታ። ሁላችሁም ስለ ፍቅር ታወራላችሁ፣ ቤቱስ? ሳቢያን ያለ ግቢ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ እናውቃለን። ሴትየዋ ደግ ናት፣ እሺ፣ ግን ሁለት ልጆች አሏት። አጎቴ በ68 ዓመቱ አገባ፣ በአራተኛው ዓመት ሞተ። ልጆቹና እንጀራ እናታቸው እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ናቸው። እህቴ አንቺ ጨካኝ አይደለሽም። ነቅተሻል። መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክሉ፣ ፍቅሩ ይደርሳል።

ኡሙ ሰሚር • ሰኞ ማታ 5:20

አቦ ቀፊራ! ልጅቷ እናቴ ብላ እያለቀሰች ካርታ ታወጣለህ?

ቀፊራ 07 • ሰኞ ማታ 5:24

ኡሙ ሰሚር አክብሬሽ ነው፣ ግን ያየሁትን ነው የምናገረው። የአጎቴ ልጆች አብረውኝ ያደጉ ናቸው፣ ዛሬ በዒድ እንኳ አይጠያየቁም። እንዲህ እንዳይሆኑ ብዬ ነው።

ሕግ አጥኚ • ሰኞ ማታ 5:51

ቀፊራ የፈራው ነገር በሕግ መልስ አለው፣ ስለዚህ ቶሎ ልበለውና ወደ ዋናው ተመለሱ። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ 213። ቤቱ የእናትና የአባትሽ የጋራ ከነበረ ግማሹ የእናትሽ ድርሻ ነው። እሷ ካረፈች ጀምሮ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ለሦስታችሁ እኩል ተላልፏል። እስካሁን የወራሽነት ማስረጃ ካላወጣችሁ አውጡ፣ ለአባታችሁም እረፍት ነው። የቀረው ግማሽ የእሳቸው የግል ንብረት ሆኖ ወደ አዲሱ ጋብቻ ይገባል። ማግባታቸው ብቻ የጋራ አያደርገውም። ከጋብቻው በኋላ የሚያፈሩት፣ ለምሳሌ የኪራይ ገቢ፣ ግን የጋራ ነው። ይህንን በግልጽ ማስቀመጥ ከፈለጉ የጋብቻ ውል ይጻፋሉ። በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። ጋብቻውም ራሱ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲፈጸም እንዲሁ ሁለት በእሳቸው ሁለት በእሷ በኩል ምስክር ይቆማል።

የቤቱ ጉዳይ በወረቀት የሚያልቅ ነው። አንቺ ግን የጻፍሽው ስለ ቤት አይመስለኝም።

የከዚራ ልጅ • ማክሰኞ ጠዋት 1:30

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ቀፊራ አመሰግናለሁ፣ ግን እውነት ስለ ቤቱ አንድም ቀን አላሰብኩም። ብትፈልግ ትውሰደው።

የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ወላጆቼ የተዋወቁት ባቡር ላይ ነው። አባቴ ያኔ ወጣት ሠራተኛ ነው። እናቴ ከኤረር ጣቢያ ብርቱካን በዘንቢል ይዛ እየተሳፈረች ድሬ ታመጣ ነበር። 1973 አካባቢ። አንድ ቀን ዘንቢሏ ተገልብጦ ብርቱካኑ በፉርጎው ወለል ላይ ተበተነ፣ እሱ ተንበርክኮ አብሯት ለቀመ። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ኤረር ላይ በቆመ ቁጥር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይፈልጋት ነበር። ይህንን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እሱ ሲጀምር እሷ ትጨርሰዋለች፣ እሷ "አሥራ ሁለት ብርቱካን ጠፋብኝ" ስትል እሱ "ስድስት ነው" ይላል። አርባ ዓመት በዚያ ቁጥር ሳይስማሙ።

አሁን ያ ታሪክ የት ይሄዳል? እትዬ ፊት ያወራዋል? ወይስ ይተወዋል? እኔን የገደለኝ ይሄ ነው። አባቴ ሌላ ሴት ሲያገባ እናቴ ሁለተኛ ጊዜ የምትሞት ይመስለኛል።

ኡሙ ሰሚር • ማክሰኞ ጠዋት 3:10

የኔ እህት ወላሂ የብርቱካኑን ሳነብ አለቀስኩ። አላህ ይርሀማት እናትሽን።

እኔ በ41 ዓመቴ ነው ባሌ የሞተው። አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ማንንም አላየሁም። ከዚያ አሁን ያለውን ሰው አገባሁ፣ እሱም ሚስቱ የሞተችበት ነው። ስለ ታሪኩ ለጠየቅሽው፣ እኛ ቤት አራት ሰው ነው የሚኖረው። እኔ፣ እሱ፣ ያ ባሌ፣ ያቺ ሚስቱ። እሱ ሙሽበክ ገዝቶ ሲገባ "እሷ ነበረች የምትወደው" ይለኛል። እኔም "ያኛውስ ጣፋጭ አይነካም ነበር" እለዋለሁ። ሰው ይገርመዋል። ቅናት የለም? መጀመሪያ ላይ ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ሚስቱን የሚረሳ ሰው ቢሆን እኔንም ነገ ይረሳኛል ብዬ አሰብኩ። እናትሽን የማያነሳ አባት ቢሆን ነው መፍራት ያለብሽ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። የተናደድሽው በአባትሽ ነው ወይስ እናትሽን ያጠበችው አንቺ ባለመሆንሽ?

የከዚራ ልጅ • ማክሰኞ ጠዋት 3:45

ኡሙ ሰሚር...

አሁን መልስ መስጠት አልችልም።

የሸዋ በር ልጅ • ማክሰኞ ከሰዓት 8:20

ከሐረር ነው የምጽፈው። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ። ይህንን ለሚስቴም ሙሉውን አልነገርኳትም።

አባቴ ሲሞት የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ 34። ሸዋ በር ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። 19 ዓመት ሲሞላኝ አንድ ሰው ሽማግሌ ላከ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ከአወዳይ ድሬ የሚመላለስ። እኔ ሰውየውን አውቀው ነበር፣ እንዲያውም እወደው ነበር። አንድ ጊዜ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን ዓለማያ ሐይቅ ላሳያችሁ ብሎ እኔንና እናቴን በመኪናው ወሰደን። ዳር ላይ ቁጭ ብለን የተጠበሰ ዓሣ በላን። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር፣ ፀሐይ እየመታት። ያን ያህል ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

ሽማግሌ ሲመጣ ግን ደሜ ፈላ። "ይሄ ሰው ከገባ እኔ እወጣለሁ" አልኳት። ክርክር አልነበረም፣ ልመናም አልነበረም። "እሺ ልጄ" አለች። ሽማግሌዎቹን ቡና አጠጥታ ሸኘቻቸው። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝና ሄድኩ። ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ትዳር። ለማን ብዬ ነው የከለከልኳት? እኔ እኮ ቤቱ ውስጥ አልነበርኩም። ለዓመት በዓል እየመጣሁ ሁለት ቀን አድሬ ለምመለስበት ቤት ነው እሷ ብቻዋን እንድትኖርበት የፈረድኩት።

22 ዓመት። መጨረሻ ላይ ታማ ሐረር መጥቼ ሳስታምማት አንድ ሌሊት "ያ ሾፌሩ በሕይወት አለ?" አለችኝ። አጣርቼ "አለ፣ ድሬ ነው፣ አግብቶ አራት ልጅ ወልዷል" አልኳት። "ጎሽ" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ሐይቁ ደግሞ በ1990ዎቹ ደረቀ፣ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በፓምፕ ለሐረር ለመጠጥ እየተሳበ፣ ለጫትና ለአትክልት እየተጠጣ፣ ደለልም እየሞላው። ዓሣ የበላንበት ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ አይቻለሁ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው ተመልሷል። ሰው መኪናውን አቁሞ ፎቶ ይነሳል። እኔ በዚያ ሳልፍ በሌላኛው መስኮት ነው የማየው።

ስለ እናትሽ ማዘን መብትሽ ነው። ግን አባትሽ "እሺ ልጄ" እንዳይልሽ። እሱን ነው የምለምንሽ። "እሺ ልጄ" ካለሽ አበቃ።

ደቻቱ ዳር • ማክሰኞ ከሰዓት 8:41

የሸዋ በር ልጅ... ምን ይባላል። እናትህን ነፍስ ይማር ወንድሜ። ልጅ ነበርክ።

የሸዋ በር ልጅ • ማክሰኞ ከሰዓት 8:50

19 ልጅ ነው? እንጃ። በ25ም በ30ም "እማዬ ተሳስቻለሁ" ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ብቻዬን ደህና ነኝ • ማክሰኞ ማታ 1:15

እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። 58 ዓመቴ ነው፣ ባሌ ከሞተ 11 ዓመት። ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ሁለት ጊዜ እምቢ ብያለሁ። ልጆቼ ከልክለውኝ አይደለም፣ እንዲያውም ትልቋ "አግቢ" እያለች ትጨቀጭቀኛለች። አልፈልግም። ጠዋት ተነስቼ ለራሴ ብቻ ሻይ ማፍላት ደስ ይለኛል። ሬዲዮኔን እከፍታለሁ፣ ማኅበሬ አለ፣ እድሬ አለ። ስለዚህ ብቻውን ያለ ሰው ሁሉ የሚያሳዝን አድርጋችሁ አትሳሉት እባካችሁ። የሸዋ በር ልጅ፣ የአንተን ሐዘን አላሳንስም፣ ግን እናትህ 22 ዓመቱን ሙሉ አልቅሳ አልኖረችም። ከቅመም ደንበኞቿ ጋር ስንት ቀን ስቃለች፣ አንተ አላየህም እንጂ።

ለከዚራ ልጅ የምለው ግን እኔ እምቢ ማለት የቻልኩት ጥያቄው የእኔ ስለነበረ ነው። ሌላ ሰው እምቢ ቢልልኝ ኖሮ ያ ሻይ ይመርረኝ ነበር።

ደግሞ ሦስት ዓመት ለአንቺ አጭር ነው፣ ለእሳቸው ግን ከሞቱ ቀን አይጀምርም። ስምንት ወር አልጋ ላይ እያዩ ተሰናብተዋታል። እኔም ባሌን ያጣሁት ከመሞቱ ዓመት በፊት ነው፣ ሰው ለቅሶ ሲመጣ እንባዬ አልቆ ነበር። ልጆቼ "እማዬ ጨከነች" ብለው ነበር ያኔ።

የድሮ ምድር ባቡር • ማክሰኞ ማታ 2:30

የእኔ ልጅ፣ እኔም እንደ አባትሽ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ፣ ምናልባት እንተዋወቅ ይሆናል። ስልክ ላይ ፊደል መልቀም ይከብደኛል፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

ለእኛ ባቡሩ እንጀራችን ብቻ አልነበረም። ሀዲዱ 1895 ድሬ ደረሰ፣ ከተማዋ በዚያ ምክንያት ተቆረቆረች። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር። እኔ 31 ዓመት በጩኸቱ ነው የተነሳሁት። ቀስ በቀስ ቆመ፣ አንድ ቀን "አበቃ" ያለን ሰው እንኳ የለም። ከዚያ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመረቀ፣ በ2010 ሥራ ጀመረ፣ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ልጄ "አባ እንሂድና እንየው" ሲለኝ ስድስት ወር እምቢ አልኩ። የድሮውን የከዳሁ መሰለኝ። በኋላ ሄጄ አየሁት። ጸጥ ያለ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አይጮኽም። ስመለስ ከዚራ ወርጄ የድሮው ጣቢያ በራፍ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አየሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

ስለ ሚስት ደግሞ ልንገርሽ። የእኔም አርፋለች፣ ስድስት ዓመት። ልጆች ምግብ ያመጡልኛል፣ ልብስ ያጥቡልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሰው አንድ ሽማግሌ ሲያገባ "የሚያበስልለት ፈልጎ ነው" ይላል። አይደለም። ድሬ በሙቀቱ ወር አልጋ ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ተኝተሽ ሰማይ እያየሽ የምታወሪው ወሬ አለ፣ ቀን ለማንም የማይወራ። ጉልበቴን አመመኝ፣ ያ ሰውዬ ሞተ እኮ፣ ነገ ውሃ ይመጣ ይሆን፣ እንዲህ ያለ። መልስ እየሰማሽ እንቅልፍ ይወስድሻል። እሷ ካረፈች ወዲህ አልጋዬን አውጥቼ አላውቅም። በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ ነው የምተኛው።

አባትሽ አልጋውን አውጥቶ ያውቃል? እስቲ አስታውሺ።

የከዚራ ልጅ • ማክሰኞ ማታ 3:05

አያውቅም አባባ። ባለፈው ሰኔ ሄጄ ቤቱ እንደ ምድጃ ሲፋጅ "ለምን ውጭ አትተኛም?" ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። "ትንኝ አለ" አለኝ።

ኡሙ ሰሚር፣ ላንቺም መልስ ላምጣ። አዎ። እናቴ ያን ስምንት ወር ብዙ ጊዜ ስትጣራ እኔ ቢሮ ነበርኩ። መጥቼም ቁስሉን ማየት አልችልም ነበር፣ ሽታው ያስመልሰኛል። እትዬ ፋሻውን ስትፈታ እኔ ወጥ ላማስል ብዬ ጓዳ እገባለሁ። ወጡ ተሠርቶ ያለቀ ነው እኮ። እናቴ ታውቅ ነበር፣ አንድ ቀን "ተያት፣ እሷ ልቧ አይችልም" ስትላት ሰምቻለሁ። እትዬም ለማንም ተናግራ አታውቅም። እሷ ያንን ቤት ከገባች በየቀኑ የማያት ያንን ሆኖ ነው። እንደዛ ነው የሆነብኝ።

ይህንን በሕይወቴ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ኡሙ ሰሚር • ማክሰኞ ማታ 3:12

የኔ ቆንጆ። ነይ እቀፊኝ ብል እዚህ አይቻልም። እናትሽ እኮ ፈርዳልሻለች፣ "ልቧ አይችልም" ብላ። ያ ፍቅር ነው እንጂ ወቀሳ አይደለም።

ቀፊራ 07 • ማክሰኞ ማታ 3:30

የከዚራ ልጅ፣ ትናንት የጻፍኩት ልክ አልነበረም። ወረቀቱን እንደ ሕግ አጥኚ ምክር ጨርሱት፣ ሌላውን ግን እኔ ያላወቅሁት ነገር ነው። ሂጂና አባትሽን እይ።

የከዚራ ልጅ • እሁድ ማታ 2:40

ብዙ ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ዛሬ ሄጄ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ባጃጅ ብይዝ ቶሎ ያደርሰኛል ብዬ። በሩን ከፍቶ አየኝ፣ "መጣሽ?" አለ፣ እንደ ትናንት የተለያየን አድርጎ። ምሳ በልቻለሁ ብለውም አቀረበልኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ በቀጥታ፣ ያልኩትን ቃል ደግሜ ጠርቼ። ጭንቅላቴን ዳሰስ አደረገኝና "አንቺ ባትጠይቂኝ ኖሮ ነው የሚገርመኝ" አለኝ። ከዚያ ያላወቅሁትን ነገረኝ።

ከጎርፉ ማግስት ዓመት ጀምሮ እናቴ ሐምሌ 30 በመጣ ቁጥር እትዬን ይዛ ደቻቱ ድልድይ ትሄድ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም፣ መቃብር የላትም። ድልድዩ ላይ ትንሽ ቆመው ይመለሳሉ። እናቴ ይህንን ለእኛ ነግራን አታውቅም። እናቴ ካረፈች ከጥቂት ቀን በኋላ ሐምሌ 30 ደረሰ፣ ቤቱ ገና ለቅሶተኛ አልወጣለትም። አባቴ አስታወሰ። ሄዶ በራፏን አንኳኳና "እሷ ትሄድ ስለነበር ልሂድ ብዬ ነው" አላት። እሷም በተራዋ በ40ው ጊዜ አብራው መቃብር ሄደች። ከዚያ በየዓመቱ እንዲሁ። "እኛ የጀመርነው ሙታኖቻችንን እያነሳን ነው ልጄ፣ እናትሽን ሲያጥቡ አይደለም" አለኝ። በዚያች ቃል ስፈነዳ ብቻ ነው ድምፁ የተሰበረው።

የብርቱካኑንም ጠየቅሁት። ታውቀዋለች ወይ አልኩት። "ታውቀዋለች። እሷም አሥራ ሁለት ነው ትላለች፣ እናትሽ ነግራታለች" አለ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እኔ አለቀስኩ።

እትዬ ጋ ስሄድ ሊጥ ላይ ነበረች። እጇን ሳትታጠብ ተነስታ ቆመች። "አንቺ እሺ ካላልሽ እኔ እዚያ ቤት አልገባም፣ እዚሁ ጎረቤት ሆኜ መኖር አውቅበታለሁ" አለችኝ። እኔ ስለ ፋሻው ልጀምር ስል "እሱን ተይው፣ ተይው" እያለች አፌን ዘጋችው። ዱቄቱ ፊቴ ላይ ቀረ። ቁም ሳጥኑን አብረን እንድናጸዳው ጠየቅኳት። "እናትሽ ሰማያዊዋን ጥለት አንቺ እንድትወስጂ ብላለች፣ እኔ ጋ አስቀምጬዋለሁ" አለች። ሦስት ዓመት አስቀምጣው፣ እኔ እስክደርስ።

ሁሉም ተፈታ አልልም። ስወጣ በግቢው በር ላይ ዞሬ ሳይ ሆዴ ባር ባር ብሎኛል፣ ምናልባት ነገም ይለኝ ይሆናል።

አባቴ እስከ በራፍ ሸኘኝ። ከአዲስ ዓመት በኋላ፣ መስከረም ውስጥ፣ በማዘጋጃ ቤት ብቻ ነው አለኝ፣ ድግስ የለም። "በእኔ በኩል ሁለት ምስክር ያስፈልጋል አሉ። አንዱ የሥራ ጓደኛዬ ነው" አለና ዝም አለ። ዓይኑን አላነሳም።

ቀኑን ንገረኝ፣ መታወቂያዬን ይዤ እመጣለሁ አልኩት።

የድሮ ምድር ባቡር • እሁድ ማታ 3:02

የእኔ ልጅ። ያ የሥራ ጓደኛው እኔ ልሆን ነው መሰለኝ፣ ትናንት ደውሎልኛል። እዚያ እንገናኛለን።